የመንገድ መብራታችን ስንት ኬልቪን ይሁን? ከጨረታ በፊት ለሚያስብ ከተማ የተዘጋጀ መመሪያ

አንድ ከተማ የመንገድ መብራቱን ወደ ኤልኢዲ ሲቀይር ስብሰባው ሁሉ ስለ ዋት፣ ስለ ዋጋና ስለ ዋስትና ይሆናል። በኬልቪን የሚገለጸው የብርሃኑ ቀለም ግን ብዙ ጊዜ ማንም ሳይወስነው ያልፋል። አቅራቢው መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ያመጣል። ተቋራጩ ይሰቅላል። ነዋሪው ደግሞ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ አብሮት ይኖራል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የምትገኘው ዴቪስ ይህን በገንዘቧ ነው የተማረችው። እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ 4000 ኬልቪን የሆኑ ኤልኢዲ መብራቶችን ሰቀለች። ነዋሪዎቿ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል፣ ቤታችንም ይገባል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። ከተማዋ 650 ያህሉን በ2700 ኬልቪን ለመተካት 350 ሺህ ዶላር ገደማ አወጣች። የወረዱት መብራቶች አዲስ ነበሩ፤ በደንብም ይሠሩ ነበር። ውሳኔው ወረቀት ላይ እያለ ቁጥሩን ማስተካከል ምንም ወጪ አልነበረውም። ምሰሶ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ክሬን፣ ሠራተኛና አዲስ ግዢ ጠየቀ።

በእኛ አገርም ጊዜው አሁን ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛምቷል። በየመንገዱ አዲስ መብራት እየተተከለ ነው። ይህ መመሪያ ለማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች፣ ለአማካሪ መሐንዲሶች፣ እንዲሁም ሰፈሩ ምን እንደሚሰቀልበት መጠየቅ ለሚፈልግ ነዋሪ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሆነ

ቀጥቃጭ እሳት ውስጥ የከተተውን ብረት አስቡ። መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ግለቱ ሲብስ ይነጣል። ኬልቪን የሚለካው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ብርሃኑ ወደ ብርቱካናማና ቢጫ ያደላል። ከፍ ሲል ይነጣል፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የሻማ ነበልባል 1900 ኬልቪን ገደማ ነው። ለዓመታት የለመድነው ብርቱካናማው የሶዲየም መብራት ከ2000 እስከ 2100 አካባቢ ነው። የድሮው የሽቦ አምፖል 2700 ይሆናል። ሱቅ ውስጥ "ዴይ ላይት" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 6500 የሚጠጋ ነው።

ነጭ ኤልኢዲ ውስጡ ሰማያዊ ቺፕ ነው። ላዩ ላይ የተቀባው ፎስፎር ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫና ቀይ ይቀይረዋል፤ ተደባልቆ ነጭ ሆኖ ይታየናል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሳይቀየር የሚያልፈው ሰማያዊ ይበዛል። በተለመዱት መብራቶች 4000 ኬልቪን ላይ ከብርሃኑ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው ሰማያዊ ነው። 3000 ላይ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ሰማያዊ ነው።

1. ያላችሁን መዝግቡ

ምን እንደምትቀይሩ ሳታውቁ አትጀምሩ። የምሰሶው ቁመት፣ በምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት፣ የመንገዱ ስፋት፣ የመብራቱ ዓይነትና ዋት ይመዝገብ። ከዚህ በፊት በፕሮጀክት፣ በእርዳታ ወይም በነዋሪ መዋጮ የተሰቀሉትን አትርሱ። በተለይ የፀሐይ ኃይል መብራቶቹን። ብዙዎቹ ማንም ሳይጠይቅ 6000 ወይም 6500 ኬልቪን ሆነው ነው የሚመጡት። አቅራቢው ከተጠየቀ 3000 ያለውንም ማምጣት ይችላል። ጠያቂ ነው የሚጎድለው።

2. ለከተማዋ ጣሪያ አስቀምጡ፤ 3000 ኬልቪን

የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ከ3000 በላይ አትውጡ። ብቻዬን አይደለሁም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ባወጣው ምክር የመንገድ መብራት ከ3000 ኬልቪን እንዳይበልጥ፣ ብርሃኑ ወደ ጎንና ወደ ላይ እንዳይረጭ የሚያግድ ከለላ እንዲኖረውና ሰው በሚቀንስበት ሰዓት ብርሃኑ እንዲቀነስ ጠይቋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ባወጣችው ድንጋጌ 3000ን የሕግ ጣሪያ አድርጋዋለች፤ ለተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ደግሞ ከዚያም ዝቅ አድርጋለች። ሞንትሪያል ከ130 ሺህ በላይ መብራቶቿን በ4000 ልትቀይር ካሰበች በኋላ የጤና ባለሙያዎችንና የነዋሪዎችን ተቃውሞ ሰምታ ወደ 3000 ወረደች። የአሪዞናዋ ፊኒክስ ደግሞ ይበልጥ ወርዳ 2700ን መርጣለች።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። አንደኛው እንቅልፍ ነው። ዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ለአንጎል ለመንገር የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። እነሱን በጣም የሚቀሰቅሳቸው የሞገድ ርዝመቱ 480 ናኖሜትር አካባቢ የሆነው ሰማያዊ ብርሃን ነው። የመብራቱ ሰማያዊ ቺፕ የሚያመነጨው ደግሞ 450 አካባቢ ነው፤ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ማታ ይህ ብርሃን በበቂ መጠን ሲያርፍብን የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነው ሜላቶኒን ይቀንሳል። ወሳኙ ምን ያህሉ መኝታ ቤት ይደርሳል የሚለው ነው። ስለዚህ ቀለሙን አስተካክሎ ከለላውን መርሳት ግማሽ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ዓይን መውጋቱ ነው። እኩል መጠን ካላቸው ሁለት ብርሃኖች ሰማያዊ የበዛበት ይበልጥ ያስቸግራል። በዕድሜ የገፉ ሰዎችና የሌሊት ሹፌሮች ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛው ሰማዩ ነው። አየር ሰማያዊን ብርሃን ከቢጫው በጣም አብልጦ ይበትነዋል። 450 ናኖሜትር ያለው ብርሃን 600 ካለው ከሦስት እጥፍ በላይ ይበተናል። ይህ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከአዲስ አበባ በላይ እንጦጦ ላይ፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ከተማዋ ወደ ሰማይ የምትለቀው እያንዳንዱ ጨረር የእነሱን ሥራ ያከብደዋል። አገር ገንዘብ አውጥታ የገነባችውን የምርምር ማዕከል በገዛ መብራታችን ማደብዘዝ ያሳዝናል።

ነፍሳትም አሉ። ክረምት ሲገባ ምስጡ ክንፍ አውጥቶ መብራት ሥር ሲርመሰመስ ሁላችንም እናያለን። ነጭና ሰማያዊ ብርሃን ከቢጫው ይበልጥ ይስባቸዋል።

አንድ የተለመደ አባባል ግን መስተካከል አለበት። ቢጫ ብርሃን ጭጋግን ሰንጥቆ ያልፋል ይባላል። የጭጋግ ጠብታ ከብርሃን ሞገድ በጣም ስለሚተልቅ ሁሉንም ቀለም እኩል ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ነው የሚበትነው። ደብረ ብርሃን ወይም ጣርማ በር ላይ ለሹፌር የሚረዳው ቀለሙ ሳይሆን ብርሃኑ ወደ ጎንና ወደ ላይ አለመርጨቱ ነው።

3. በሰፈር ከፋፍሉ፤ ግን አታብዙት

ጣሪያው 3000 ይሁን እንጂ ሁሉም ቦታ 3000 ይሁን ማለት አይደለም። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓይነት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጥገናው ይምታታል።

ለዋና ዋና ጎዳናዎች፣ ለአደባባዮችና ለመናኸሪያዎች 3000 አድርጉ። ለውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ለኮብልስቶኑ ሰፈር፣ ለኮንዶሚኒየም ግቢ 2700 ይሻላል። እነዚህ ቦታዎች ምሰሶው ከመስኮት ጥቂት ሜትር የሚርቅባቸው ናቸው። ለቅርስ አካባቢዎችና ለውኃ ዳር ደግሞ ከ2200 እስከ 2700 ባለው ውስጥ ምረጡ። ላሊበላ ቀይ ድንጋይ ነው። የጎንደር ግንብም፣ የሐረር ጀጎልም ቀለማቸው ወደ ቡናማ ያደላል። በ5000 ኬልቪን ስታበሯቸው አመድ የመሰለ መልክ ይይዛሉ። በሞቃታማው ብርሃን ግን ድንጋዩ የራሱን መልክ ይዞ ይታያል። የጣና ዳርቻን የመሰለ ወፍና ነፍሳት የሚበዛበት ቦታ ወደ 2200 ቢወርድ ደስ ይለኛል።

አደገኛ መስቀለኛ መንገድስ? ብዙዎች "እዚያ እንኳ 4000 ይሁን" ይላሉ። አልስማማም። እዚያ የሚያስፈልገው የብርሃን መጠን መጨመርና እግረኛ ማቋረጫውን በደንብ ማብራት ነው። ያም በ3000 ይቻላል።

ከኬልቪን ጎን አንድ ሌላ ቁጥር አለ፤ ቀለምን የማሳየት አቅም፣ ባለሙያዎች ሲአርአይ የሚሉት። ሶዲየም ከመቶ ወደ 20 ገደማ ነው የሚያመጣው። ሰማያዊ መኪና ሥሩ ሲቆም ጥቁር የሚመስለው ለዚህ ነው። 2700 የሆነ ኤልኢዲ ግን 70ና 80 አለው። ሞቃታማ ብርሃን መምረጥ ወደ ሶዲየም ዘመን መመለስ ነው የሚል ስጋት ካለ ይህን ንገሯቸው። የጥበቃ ካሜራም በዚህ ብርሃን የልብስ ቀለም ይለያል። የማታ ጉሊት ባለበት ቦታ 80 ጠይቁ። ቲማቲም የምትሸጥ እናት ዕቃዋ በትክክለኛ መልኩ እንዲታይላት ይገባል።

4. መጠኑን ቀንሱ፣ ከለላውን አጥብቁ

ቀለሙ ትክክል ሆኖ ብርሃኑ ከበዛ ነዋሪው ማማረሩ አይቀርም። የአውሮፓው ኢኤን 13201 ደረጃ ለእግረኛና ለመኖሪያ መንገዶች በአማካይ ከ2 እስከ 15 ሉክስ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ሉክስ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። 150 ዋት ሶዲየም የነበረበት ምሰሶ ላይ 150 ዋት ኤልኢዲ መስቀል ትልቅ ስህተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዋት ይበቃል። መብራቱ ከአግድም መስመር በላይ ምንም ብርሃን አይልቀቅ። ሲሰቀልም ወደ ላይ ቀና ተደርጎ አይታሰር። ጥሩ መብራት ተገዝቶ በአሰቃቀል የሚበላሸው ብዙ ነው።

5. እውነተኛ መንገድ ላይ ፈትኑት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ካታሎግ ላይ ያለ ፎቶ፣ ቢሮ ውስጥ የተሰካ ናሙና ምንም አይነግራችሁም።

ነዋሪም መኪናም ያለበት አንድ መንገድ ምረጡ። በሦስት ክፈሉት። አንዱ ላይ 2700፣ ሌላው ላይ 3000፣ ሦስተኛው ላይ ለማነጻጸር ያህል 4000 ስቀሉ። ለእያንዳንዱ ቢያንስ አምስትና ስድስት ምሰሶ ያስፈልጋል፤ አንድ መብራት ብቻውን ጎረቤቱ ባለው ብርሃን ይዋጣል።

አሁን ዋናው ነገር። ሦስቱም መሬት ላይ እኩል ሉክስ መስጠት አለባቸው። ሉክስ ሜትር ይዛችሁ ለኩ። አለበለዚያ ውድድሩ የቀለም ሳይሆን የድምቀት ይሆናል። ሰው ጎን ለጎን ሲያይ ደመቅ ያለውን መምረጥ ይቀናዋል። አቅራቢው ነጩን ናሙና በብዙ ዋት ካመጣው ውጤቱ ከመጀመሪያው ተወስኗል ማለት ነው።

ሰዎችን ስትጠይቁ ቁጥሩን አትንገሯቸው። ሀ፣ ለ፣ ሐ በሉት። አዛውንቶችን ጠይቁ። የታክሲ ሹፌሮችን፣ የሌሊት ጥበቃዎችን፣ ባለሱቆችን ጠይቁ። ከሥራ አምሽተው በእግራቸው የሚመለሱ ሴቶችን በተለይ ጠይቁ፤ መንገዱ የሚያስፈራው የት ጋ እንደሆነ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ። ጥያቄውም "የቱ ያምራል?" ብቻ አይሁን። የሰው ፊት ከሩቅ ይለያል? ዓይን ይወጋል? መጋረጃ ዘግታችሁም ይገባል? ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ማታ ሁሉም ነጩን "ዘመናዊ ነው" ሊል ይችላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ስትጠይቁ የሚሰጠው መልስ ነው የሚታመነው።

ለሪፖርት ፎቶ የምታነሱ ከሆነ የስልኩን የነጭ ቀለም ማስተካከያ በአንድ ቁጥር ላይ ቆልፉት። ስልክ በራሱ ከተተወ ሦስቱንም አንድ አስመስሎ ያወጣቸዋል።

6. ኤሌክትሪኩን አስሉ

እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል። ነጩ የተሻለ ይቆጥባል ይባላል። በኤልኢዲ መጀመሪያ ዘመን ልዩነቱ እውነትም ሰፊ ነበር። ሎስ አንጀለስ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 140 ሺህ ያህል መብራቶቿን ስትቀይር 4000ን የመረጠችው በዚያ ዘመን ነው። የኤሌክትሪክ ፍጆታዋን ከ60 በመቶ በላይ ቀንሳለች፤ ያ ቁጠባ ግን በዋናነት ሶዲየምን በመተው የመጣ ነው። ዛሬ በ3000ና በ4000 መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት በመቶ ነው።

በቁጥር እንየው። 1000 መብራት፣ እያንዳንዱ 60 ዋት ይሁን። አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። ያ በዓመት 4380 ሰዓት ነው። ፍጆታው 262,800 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 4000ን በመምረጥ 5 በመቶ ተቆጠበ እንበል፤ 13,140 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሌላ በኩል 3000ውን መርጣችሁ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ብርሃኑን በግማሽ ብትቀንሱ 54,750 ኪሎዋት ሰዓት ትቆጥባላችሁ። ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

ሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ያቆምኩት በምክንያት ነው። ኪዳን የሚያደርሱ ምእመናን፣ ለፈጅር የሚወጡ ሙስሊሞች፣ ወደ መናኸሪያ የሚሮጡ መንገደኞች ከዚያ ጀምሮ መንገድ ላይ ናቸው። የሌላ አገር ሰዓት ተገልብጦ አይምጣ። የራሳችሁን ከተማ እግር ቁጠሩ።

አንድ ቴክኒካዊ ማሳሰቢያ። ራሱ ሰዓት እያሰላ ብርሃኑን የሚቀንስ ድራይቨር፣ ማለትም ለኤልኢዲው ኃይል የሚመጥን ክፍል፣ አለ። መብራቱ በቀደሙት ምሽቶች ስንት ሰዓት እንደበራ አይቶ ነው እኩለ ሌሊትን የሚገምተው። መብራት በሄደ ቁጥር ስሌቱ ሊዛባ ይችላል። ኃይል በሚቆራረጥበት አካባቢ በማዕከል ወይም በመቆጣጠሪያ ሳጥን ያለ ሰዓት የሚታዘዝ ይሻላል።

7. ጨረታ ሰነዱ ላይ በማያሻማ መንገድ ጻፉት

"ሞቅ ያለ ነጭ" ብሎ መጻፍ አይበቃም። ቁጥሩን ጻፉ፣ መቻቻያውንም ጻፉ። ስሙ 3000 የሆነ መብራት በተለመደው የአሜሪካ ደረጃ ከ2870 እስከ 3220 ድረስ ሲለካ ተቀባይነት አለው። 3600 ሆኖ ከመጣ 3000 አይደለም። በመብራቶቹ መካከል የሚኖረው የቀለም ልዩነትም ከ5 የማክአዳም ደረጃ (ዓይን የሚለየው የቀለም ልዩነት መለኪያ) እንዳይበልጥ ጠይቁ። አለበለዚያ አንድ መንገድ ላይ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ አረንጓዴ እየመሰለ ይሰለፋል።

ቀጥሎ ዕውቅና ካለው ቤተ ሙከራ የወጣ የኤልኤም 79 (የኤልኢዲ መብራት መለኪያ ዘዴ) ውጤት ይቅረብ፤ በብርሃኑ ውስጥ የየቀለሙን ድርሻ የሚያሳየው ሙሉው የስፔክትረም ሥዕልም አብሮ ይያያዝ። እኩል ኬልቪን ያላቸው ሁለት መብራቶች የተለያየ የሰማያዊ መጠን ሊኖራቸው ስለሚችል ሥዕሉን አይታችሁ አነጻጽሩ። ሲአርአይ ቢያንስ 70፣ አይፒ 66 (አቧራና ውኃ እንዳይገባ የመከላከል ደረጃ)፣ ብርሃኑ የሚቀነስ ድራይቨር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ለሚፈጠረው ግፊት ቢያንስ 10 ኪሎቮልት መከላከያ ይካተት።

ዋስትናው የቀለም ለውጥን ይሸፍን። ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በብዙ የአሜሪካና የካናዳ ከተሞች የመንገድ መብራቶች ወደ ሐምራዊ ተቀይረው ነበር። ፎስፎሩ ከቺፑ ላይ ስለተላቀቀ ሰማያዊው ብርሃን ብቻውን መውጣት ጀመረ። መብራቱ ስለሚበራ "አልተበላሸም" ሊባል ይችላል። ሰነዱ ላይ የተጻፈ ከሌለ ተከራክራችሁ ማሸነፍ ይከብዳል።

8. ሲረከቡ ለኩ

ካርቶን ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ከየጭነቱ በዘፈቀደ ናሙና አውጡና የብርሃንን ቀለም በሚለካ፣ በእጅ በሚያዝ ስፔክትሮሜትር ለኩ። መሣሪያው ከሌላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ወይም የፊዚክስ ክፍል ቤተ ሙከራ እንዲለካላችሁ ጠይቁ። ናሙናው ከወደቀ ጭነቱ ይመለስ። ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ ማታ ወጥታችሁ በእግር ሂዱ፤ መስኮቶችን እዩ፣ ቀና ብለው የታሰሩትን መዝግቡና አስተካክሉ።

9. መለዋወጫውን አብራችሁ ግዙ

ከዋናው ግዢ ጋር ከዚያው ምርት ከ3 እስከ 5 በመቶ ተጨማሪ አስገቡ። እያንዳንዱ ምሰሶ ቁጥር ይኑረው፤ መዝገቡ ላይ ዋቱ ብቻ ሳይሆን ኬልቪኑም ይጻፍ። መጋዘን ውስጥም 2700ውና 3000ው በተለያየ መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ጠጋኙ ማታ ላይ ቸኩሎ ያገኘውን ነው የሚያነሳው።

ከዓመታት በኋላ መለዋወጫው አልቆ ከሌላ ፋብሪካ ሲመጣ ልዩነት ይኖራል። ያኔ አዲሱን በየመንገዱ አትበትኑት። አንድ መንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ አውርዳችሁ አዲሶቹን እዚያ ሰብስቡ። የወረዱትን አሮጌዎች ደግሞ ለሌሎቹ መንገዶች መለዋወጫ አድርጓቸው።